በቡርጎኝ ገጠር በብስክሌት፦ ከሻሎን ወጥቶ ሻሎን የሚመለስ የአራት ቀን ዙር፣ ዝርዝር መመሪያ

ጸጥ ያለ የፈረንሳይ ገጠር መንገድ በዕድል አይገኝም። ካርታ ላይ ተፈልጎ ነው የሚገኘው። መንገዱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ከመንደሩ ሰዓት ጋር መስማማት ይቀራል። ዳቦ ቤቱ መቼ ይከፍታል? ምሳ እስከ ስንት ሰዓት ይቀርባል? ውኃ ከየት ይቀዳል? ጀማሪን የሚያደክመው ብዙ ጊዜ ዳገት አይደለም። ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ሁሉ ነገር በተዘጋበት መንደር ውስጥ፣ በባዶ ሆድ መንዳት ነው።

በጥቅሉ ከማወራ መመሪያውን በአንድ ዙር ላይ ልጻፈው። ቦታው ቡርጎኝ ነው፤ የወይንና የነጭ ከብት አገር። ከሻሎን ሱር ሶን ከተማ ተነሥተን በዢቭሪ፣ በቡሲ፣ በኮርማታንና በቴዜ አድርገን ክሉኒ እንገባለን። ከክሉኒ ማኮን። ማኮን ላይ የሶን ወንዝን እናገኝና ወንዙን ይዘን፣ ቱርኑን አልፈን፣ ወደ ሻሎን እንመለሳለን። ዋናው መስመር 145 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉልበት ያለው በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። እኔ ግን አራት ቀን ስጡት እላለሁ።

ይህን ዙር የመረጥኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ስለሚመች ነው። ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎ ሜትር ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር። ሐዲዱ ተነሥቶ በ1997 ለብስክሌትና ለእግረኛ ተከፈተ። መኪና የማይገባባቸው፣ ፈረንሳዮች «ቩዋ ቬርት» የሚሏቸው መንገዶች በአገሪቱ የጀመሩት እዚህ ነው። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል መንገዱ ሲሠራም ተለሳልሶ ነው የተሠራው። ሌላም ጥቅም አለ። ሻሎን፣ ቱርኑና ማኮን በአንድ የባቡር መስመር ላይ ናቸው። ጉልበት ካለቀ፣ ዝናቡ ካየለ ወይም ብስክሌቱ ከተበላሸ በባቡር መመለስ ይቻላል።

እዚህ ጽሑፍ ላይ ሰዓቱም፣ ወሩም፣ ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ወሩንና የመነሻ ቀኑን መምረጥ

ከሁሉ የሚሻለው ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ ነው። ሣሩ ለምለም ነው፤ በጁን መጨረሻ ደግሞ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በእነሱ 21፡30 አካባቢ ነው። ሴፕቴምበርም ጥሩ ነው። የወይን ለቀማ ጊዜ ስለሆነ በወይን መንደሮች ውስጥ ትራክተር ይበዛል፤ አየሩ ግን ደስ ይላል። ጁላይና ኦገስት ይሞቃል፣ ማታ ማታም ነጎድጓድ ይመጣል። በነዚያ ወራት የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት 7፡30 ላይ መንገድ ላይ ሁኑ፣ ትልቁን ርቀት ከምሳ በፊት ጨርሱ።

ሜይ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። 1 እና 8 ሜይ የሕዝብ በዓላት ናቸው። የዕርገትና የጰራቅሊጦስ በዓላትም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ወር ወይም በጁን መጀመሪያ ይውላሉ። በነዚህ ቀናት የገጠር ሱቅ ዝግ ነው፣ ማደሪያው ደግሞ ሙሉ ነው።

የመነሻ ቀን ከወሩ እኩል ይመዘናል። እኔ ማክሰኞ ተነሥቶ ዓርብ መግባትን እመክራለሁ። እሑድ ከቀትር በኋላ በመንደሮቹ አንድም ሱቅ ክፍት አታገኙም። ሰኞ ብዙ ዳቦ ቤትና ምግብ ቤት እሑድን የሠራበትን ዕረፍት ይወስዳል። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ጊዜ ከሁለቱም ነፃ ነው።

ስለ ነፋስም ልንገራችሁ። በሶን ሸለቆ «ቢዝ» የሚባል ከሰሜን የሚነፍስ ቀዝቃዛ ነፋስ አለ። እኔ ዙሩን የጻፍኩት በኮረብታው ወርዶ በወንዙ በመመለስ ነው። የአየር ትንበያው ጠንካራ የሰሜን ነፋስ ካሳየ ግን ገልብጡት። በወንዙ በኩል ነፋሱን ከኋላ ይዛችሁ ወደ ማኮን ውረዱ፣ ከዚያ በኮረብታዎቹ መሃል ተከልላችሁ ተመለሱ። ክፍት በሆነ የወንዝ ዳር ነፋስን ፊት ለፊት ታግሎ 60 ኪሎ ሜትር መንዳት ጉዞውን ያስጠላል።

ካርታውን ማንበብ

ስልክ ብቻ ይዞ መውጣት ይቻላል። ሆኖም አንድ የወረቀት ካርታ ግዙ። የሚሽላን ካርታ አንድ ሳንቲ ሜትሩ 1.5 ኪሎ ሜትር የሆነው በቂ ነው። ቀለሞቹን ማወቅ ብቻ ነው ያለባችሁ።

ቀይ መንገድ የከባድ መኪና ነው፤ ራቁት። ቢጫ መካከለኛ ነው፤ ግድ ሲሆን ለአጭር ርቀት ተጠቀሙበት። ነጭ የእናንተ ነው። ነጭ መንገድ ሁለት መንደር ያገናኛል፣ ጠባብ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚያልፍበት ገበሬና ፖስተኛ ነው። ከመንገዱ ጎን አረንጓዴ መስመር ከተሰመረ ደግሞ ሚሽላን «እዩት፣ ያምራል» እያላችሁ ነው። ነጭም ሆኖ አረንጓዴ መስመር ያለው መንገድ ስታገኙ ዞር ብላችሁም ቢሆን ሂዱበት።

በመንገዱ ላይ ትንንሽ ቀስቶችም ታያላችሁ። የዳገት ምልክቶች ናቸው፣ ጫፋቸው ወደ ላይ የሚወጣበትን አቅጣጫ ያሳያል። አንድ ቀስት ከ5 እስከ 9 በመቶ፣ ሁለት ከ9 እስከ 13 በመቶ፣ ሦስት ከዚያ በላይ ነው። ዕቃ ለጫነ ሰው አንድ ቀስት ትንፋሽ ያስቆርጣል፣ ሁለት ቀስት ላይ ወርዶ መግፋት ምንም ነውር የለበትም።

የመንገድ ቁጥርም ይናገራል። «ኤ» አውቶ ሩት፣ ማለትም የፈጣን መኪና መንገድ ነው፣ ብስክሌት ፈጽሞ አይገባም። «ኤን» ብሔራዊ መንገድ ነው። «ዲ» የአውራጃው ነው፣ ግን ዲ ሁሉ አንድ አይደለም። ለምሳሌ ዲ981 ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ከእኛ መስመር ጎን ለጎን የሚሄድ የመኪና መንገድ ነው። የአውራጃ ቢሆንም በፍጥነት ነው የሚነዳበት። ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ነጭ መኪና የተሳለበት መንገድ ስታዩም ተመለሱ፤ ለብስክሌት የተከለከለ ነው።

ካርታውን በስልካችሁ ላይም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርዱት። በኮረብታዎቹ መሃል ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ አለ። የስልክ ካርታ አንዳንዴ «አቋራጭ» ብሎ የትራክተር ጭቃ ውስጥ ይከታል። መስመሩን ማታ ማታ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት።

ብስክሌቱና ጭነቱ

ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጤነኛ ፍሬን፣ ዳገት የሚያስወጣ ቀላል ማርሽ፣ እና ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ነው። የባቡር ሐዲዱ መንገድ አስፋልት ነው። የወንዙ ዳር ግን ቦታ ቦታ ላይ የተጠቀጠቀ ጠጠር ነው፣ ቀጭን የውድድር ጎማ እዚያ አይመችም።

ዕቃውን በጀርባችሁ አትሸከሙ። ሦስተኛው ሰዓት ላይ ትከሻም ወገብም ይቆረጣል። ከኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ ሁለት የጎን ቦርሳ ስቀሉ፣ ክብደቱን ግራና ቀኝ እኩል አድርጉ። ድንኳን ለማይዝ ሰው 8 ኪሎ ይበቃል፣ ድንኳን ለሚይዝ 14 ኪሎ። ከዚያ በላይ ከሆነ የሆነ ነገር አውጡ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሦስተኛው ሱሪ ነው።

እነዚህን ግን አትተው፦ የዝናብ ጃኬት፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ የፊትና የኋላ መብራት፣ ሁለት የውኃ ጠርሙስ፣ ጠንካራ ቁልፍ፣ የስልክ ባትሪ መሙያ። ለጥገና ሁለት የውስጥ ጎማ ወይም ከመነዳሪ፣ የጎማ ማውጫ ማንካ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ የብሎን መፍቻ ስብስብ፣ የሰንሰለት ዘይት።

የውስጥ ጎማ መቀየርን ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ውስጥ ተለማመዱት። ፍሬኑን ፍቱና መንኮራኩሩን አውጡ። ከቫልቩ ተቃራኒ በኩል ጀምራችሁ የውጭውን ጎማ በማንካዎቹ አንሡ። የተነፈሰውን አውጡና የውጭውን ጎማ ውስጡን በጣት ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። ይህን የሚዘል ሰው እሾሁን እዚያው ትቶ አዲሱንም ይበሳዋል። አዲሱን ትንሽ ነፋ አድርጉና አስገቡ፣ የውጭውን ጎማ በእጅ መልሱ፣ እንዳልተቆነጠጠ ዙሪያውን እዩ፣ ከዚያ በደንብ ንፉ። በገጠር የብስክሌት ጠጋኝ በየመንደሩ የለም። በዚህ ዙር ላይ ተስፋ የሚደረጉት ሻሎን፣ ክሉኒና ማኮን ናቸው።

የራሱን ብስክሌት ይዞ መምጣት የማይችል ሰው መከራየት ይችላል። የጎን ቦርሳ ማንጠልጠያ እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ባቡሩ

ሻሎን ከዲዦን ወደ ሊዮን በሚወስደው መስመር ላይ ናት። የክልል ባቡሮች፣ «ቴ ኧ ኧር» የሚባሉት፣ ብስክሌት ያሳፍራሉ። ከፓሪስ ለሚመጣ ሰው ቁም ነገሩ ጣቢያው ነው። ወደ ቡርጎኝ የሚሄዱት የክልል ባቡሮች የሚነሡት ከበርሲ ጣቢያ ነው፤ ፈጣኖቹ ደግሞ ከጋር ደ ሊዮን። የክልሉ ባቡር ቀርፋፋ ነው፣ ብስክሌት ላለው ሰው ግን ጣጣው ያነሰ ነው። በፈጣኑ ባቡር ላይ ለብስክሌት ቦታ አስቀድሞ መያዝ አለበት፣ አለዚያ መንኮራኩሩን ፈትቶ በቦርሳ መክተት ግድ ነው።

ከጄኔቭ ወይም ከፍራንክፈርት ለምትመጡ ደግሞ ሊዮን ወይም ዲዦን ድረስ መጥቶ ወደ ክልሉ ባቡር መቀየር ይቀላል። ማኮን ሁለት ጣቢያ እንዳላት ልብ በሉ። አንዱ መሃል ከተማ ነው፣ ሌላው ሎሼ የሚባለው ለፈጣን ባቡር የተሠራ ሆኖ ከከተማው ውጭ ነው። ትኬት ስትቆርጡ የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ።

ከአዲስ አበባ በሼንገን ቪዛ ለሚመጣ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ለቪዛው የማደሪያ ማስረጃና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ስለዚህ «የመሸበት አድራለሁ» የሚለው አካሄድ አይሠራም። ማደሪያዎቹን አስቀድማችሁ ያዙ፤ ኢንሹራንሱም የብስክሌት አደጋን እንደሚሸፍን አንብቡ።

በመንደሩ ሰዓት መብላትና መጠጣት

ይህን ክፍል ከሌላው ሁሉ ይበልጥ በጥሞና አንብቡት።

ዳቦ ቤት፣ «ቡላንዤሪ»፣ ጠዋት 7፡00 ገደማ ይከፍታል። 12፡30 ላይ ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ 15፡30 ወይም 16፡00 ላይ ደግሞ ይከፍታል። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ፣ ሙሉ ቀን ዝግ ነው፤ ቀኑ በሩ ላይ ተጽፏል። ምግብ ቤት ምሳ የሚያቀርበው ከ12፡00 ጀምሮ ነው። 13፡30 ላይ ከደረሳችሁ ያስተናግዷችሁ ይሆናል፣ 14፡00 ላይ ግን ወጥ ቤቱ ተዘግቷል። እራት ከ19፡00 ወይም ከ19፡30 በፊት የለም። ስለዚህ ቀኑን እንዲህ ክፈሉት። ጠዋት የመጀመሪያው ክፍት ዳቦ ቤት ላይ የምሳውን ዳቦ ጭምር ግዙ። 12፡15 ላይ አንድ ቦታ ተቀመጡ። የምግብ ሱቅ ያለበት የመጨረሻው መንደር ላይ ለእራትና ለነገ ቁርስ ያዙ፣ ማደሪያው ድረስ አታቆዩት።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ «ቦንዡር» በሉ። ሰላምታ ሳይሰጡ «ዳቦ ስጡኝ» ማለት እዚያ እንደ ንቀት ነው የሚታየው። ገጠር ላደገ ሐበሻ ይህ አዲስ አይሆንበትም፤ እዚያም ሰላም ሳይሉ ጉዳይ አይጀመርም። መንገድ ላይ የምታገኙትንም ገበሬ፣ ሽማግሌ፣ ሌላ ብስክሌተኛ ሰላም በሉ።

ውኃ ከየት? የመቃብር ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ ቧንቧ አላቸው። በየመንደሩ አሉ፣ በራቸውም ቀን ቀን ክፍት ነው። በጸጥታ ገብታችሁ፣ ሰው እየጸለየ ከሆነ ጠብቃችሁ፣ ቀድታችሁ ውጡ። «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለበት አይጠጣም። የማዘጋጃ ቤቱ ወይም የቤተ ክርስቲያኑ አካባቢም የሕዝብ መጸዳጃና ቧንቧ ይኖራል። ካፌ ገብታችሁ አንድ ቡና ከጠጣችሁ ጠርሙሳችሁን ይሞሉላችኋል።

አሁን ስለ ጾም። ረቡዕና ዓርብ ብቻ አይደለም። ፍልሰታ ከ7 እስከ 21 ኦገስት ስለሚውል ብዙዎቻችን የዕረፍት ጉዞ የምናደርግበት ወቅት ላይ ነው የሚወድቀው። በፈረንሳይ ገጠር እየጾሙ ብስክሌት መንዳት ይቻላል፣ ግን መዘጋጀት ይፈልጋል። «ትራዲስዮን» የሚባለውን ባጌት ያለ ሥጋት ብሉ። በ1993 በወጣ ደንብ መሠረት ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከጨውና ከእርሾ ነው የሚሠራው፣ ቅቤም ወተትም የለበትም። ክሯሳንና ብርዮሽ ግን ቅቤና እንቁላል ናቸው። ሱቅ ውስጥ ምስርና ሽምብራ በቆርቆሮ፣ ወይራ፣ ቲማቲም፣ ለውዝ፣ ቴምር፣ ሙዝ ይገኛል። ምግብ ቤት ውስጥ አትክልቱ ራሱ በቅቤ ሊበስል ስለሚችል «ሳን በር፣ ሳን ሌ፣ ሳን ኧፍ» በሉ፤ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። ድንኳንና ትንሽ ምድጃ ለያዘ ሰው ከሽሮ የሚበልጥ የጉዞ ምግብ አላውቅም። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ውኃና እሳት ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ፌስታል ሽሮ ለአራት ቀን እራት ይበቃል።

የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ደግሞ «ዣምቦን» እና «ላርዶን» የሚሉትን ሁለት ቃላት አጥኑ። ዣምቦን የአሳማ ጭን ሥጋ ነው። ላርዶን በትንንሹ የተከተፈ ስብ ያለው የአሳማ ሥጋ ነው፣ ሰላጣ ውስጥም ሳይጠበቅ ይገኛል። ሐላል ሥጋ ከፈለጋችሁ ሻሎንና ማኮን ላይ ያዙ፣ በመካከሉ ባሉት መንደሮች ተስፋ አታድርጉ።

ማደሪያ

ብዙ የገጠር ከተሞች በማዘጋጃ ቤት የሚተዳደር የድንኳን ቦታ አላቸው፣ «ካምፒንግ ሙኒሲፓል» ይሉታል። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ሻወር አለው፣ ከመሃል ከተማ በእግር ይደረሳል። ክሉኒ አንድ አላት። አልጋ ለሚፈልግ «ሻምብር ዶት» አለ፤ ሰው ቤቱ ውስጥ ክፍል ያከራያል፣ ቁርስ በዋጋው ውስጥ ነው። እራት ይሠሩ እንደሆነ ስትይዙ ጠይቁ፤ አስቀድሞ ካልተነገራቸው አያዘጋጁም። መንደሩ ምግብ ቤት ከሌለው ይህ ጥያቄ እራታችሁን ይወስናል።

በር ላይ «አከይ ቬሎ» የሚል ምልክት ካያችሁ ማደሪያው ለብስክሌተኛ የተዘጋጀ ነው። ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታና የጥገና ዕቃ አለው፣ ከብስክሌት መስመሩም ከ5 ኪሎ ሜትር አይርቅም። ድንኳንን ሜዳ ላይ እንደ ልብ መትከል አይቻልም። መሬቱ ባለቤት አለው፣ ጠይቁት። የከብት ግጦሽ ውስጥ ግን ተፈቅዶላችሁም ቢሆን አትትከሉ፣ አጥሩንም አትንኩ። ብዙው ኤሌክትሪክ አለው።

ሕጉ

ባጭሩ። ከመንደር ውጭ በሌሊት ወይም በጉም አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው፣ ቅጣቱ 35 ዩሮ። በጆሮ ማዳመጫ መንዳት ከ2015 ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ ቅጣቱ 135 ዩሮ፤ ስልክ በእጅ መያዝም እንዲሁ። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ የራስ ቁር ግዴታ ነው። ለትልቅ ሰው ግዴታ ባይሆንም አድርጉት። መኪና ሲያልፋችሁ ከመንደር ውጭ 1.5 ሜትር መራቅ አለበት። እናንተም የመንገዱን ጠርዝ ተጣብቃችሁ አትንዱ፤ ከጠርዙ አንድ ክንድ ያህል ገባ በሉ።

በመንደር ውስጥ ሰሌዳ የሌለበት መስቀለኛ ላይ ከቀኝ የሚመጣ ቅድሚያ አለው። ከጠባብ ጓሮ መንገድ የሚወጣው ትራክተርም ጭምር። ይህን የማያውቅ እንግዳ ነው ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው። የአልኮል ገደቡ ለብስክሌተኛም ያው ለሾፌር የተቀመጠው ነው፣ በሊትር ደም 0.5 ግራም። በወይን መንደር ውስጥ ቅምሻ ካላችሁ ማታ፣ ብስክሌቱ ከተቆለፈ በኋላ ይሁን። ከሴፕቴምበር ጀምሮ የአደን ወቅት ነው፤ ጫካ ዳር «ሻስ» የሚል ሰሌዳ ካያችሁ ደማቅ ልብስ ልበሱ፣ ከመንገዱ አትውጡ። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው።

ቀን በቀን

ማክሰኞ፣ ከሻሎን ኮርማታን፣ ወደ 42 ኪሎ ሜትር። ከሻሎን ጣቢያ እስከ ዢቭሪ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነጭ ሰሌዳ ላይ አረንጓዴ ብስክሌት የተሳለበትን ምልክት ተከተሉ። ዢቭሪ ላይ የድሮውን ሐዲድ ትይዛላችሁ፣ ከዚያ በኋላ መጥፋት አይቻልም። የመጀመሪያው ክፍል በወይን ኮረብታ ሥር ነው። ቡሲ ላይ ምሳ ብሉ። ከቡሲ በኋላ ወይኑ እየሳሳ ግጦሽ ይበዛል፣ ሻሮሌ የሚባሉት ነጭ ከብቶች ይጀምራሉ። የድሮዎቹ ጣቢያዎች ቤታቸው ዛሬም ቆሟል። አንዳንዱ ጋ ጠረጴዛና አግዳሚ አለ፣ ለዕረፍት ይመቻል። መንገዱ የመኪና መንገድ በሚያቋርጥበት ሁሉ ቆም በሉ፤ ቅድሚያው ብዙ ጊዜ የመኪናው ነው። የደከመው ሳን ዣንጉ ላይ ይደር። አሮጌ የድንጋይ ከተማ ናት፣ ከኮርማታን 9 ኪሎ ሜትር ያህል ቀድማ ትገኛለች።

ረቡዕ፣ ከኮርማታን ክሉኒ፣ ከነመዞሪያው 25 ኪሎ ሜትር። አጭር ቀን ነው፣ ሆን ተብሎ። ጠዋት ሻንጣውን ማደሪያው ላይ ተውና በዲ14 ወደ ሻፔዝ ሂዱ፣ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሻፔዝ በጥቂት ቤቶች መሃል የቆመ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አላት። ውስጡ ጌጥ የለውም፤ ወፍራም ክብ ምሰሶዎች፣ ትንሽ ብርሃን፣ በቃ። እኔ በዚህ ዙር ካሉት ሁሉ የምወደው ይህን ሕንፃ ነው። ብርቱ እግር ያለው በዚያው መንገድ ብራንስዮን የሚባለው ኮረብታ ላይ ያለ የመካከለኛው ዘመን መንደር ድረስ ይውጣ፤ ዳገቱ ግን የምር ነው።

ከኮርማታን ወደ ክሉኒ መንገዱ የግሮን ወንዝን ይዞ ይሄዳል። በመሃል ከመንገዱ ከፍ ብላ ቴዜ አለች። ወንድም ሮዤ በ1940 መጥቶ የመሠረተው የመነኮሳት ማኅበር እዚያ ነው። ከካቶሊክም ከፕሮቴስታንትም የመጡ ወንድሞች አብረው ይኖራሉ፣ ከመላው ዓለም ወጣቶች ይመጣሉ። በቀን ሦስት ጊዜ ጸሎት አለ፣ ለማንም ክፍት ነው። በብዙ ቋንቋ በሚዘመሩ አጫጭር መዝሙሮችና በረጅም ዝምታ ይታወቃል። የቀትሩን ጸሎት እንድትካፈሉ ሰዓታችሁን አስተካክሉ። ብስክሌቱን ቆልፉ፣ ከቦርሳ አንድ ረጅም ሱሪ ደርቡ።

የክሉኒ ገዳም የተመሠረተው በ910 ነው። በ1088 የተጀመረው ትልቁ ቤተ ክርስቲያኑ 187 ሜትር ይረዝም ነበር። በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስትና የሚተካከለው አልነበረም። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ተሸጠ፣ ድንጋዩ እየተፈለጠ ሄደ። ዛሬ የቆመው ከአሥር አንድ እጅ ያህል ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ለዚህ ስጡ። የጠፋውን ምሰሶ መሠረት እየተከተላችሁ መሬቱ ላይ ስትሄዱ ስፋቱ ይገባችኋል።

ሐሙስ፣ ከክሉኒ ቱርኑ፣ 60 ኪሎ ሜትር። ረጅሙ ቀን ነው። ጠዋቱ ከባዱን ይወስዳል፣ ከሰዓት በኋላው ሜዳ ነው። ከክሉኒ በኋላ መንገዱ ቀስ እያለ ይወጣና ቧ ክሌር የሚባል 1.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የድሮ ባቡር ዋሻ ውስጥ ይገባል። ውጭ ቢሞቅም ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ከመግባታችሁ በፊት ጃኬት ልበሱ፣ መብራት አብሩ፣ የፀሐይ መነጽራችሁን አውልቁ። ዋሻው በብርዱ ወራት ለሌሊት ወፎች ሲባል ይዘጋል። በኤፕሪል መጀመሪያ ወይም በኦክቶበር መጨረሻ የምትሄዱ ከሆነ ክሉኒ ላይ ጠይቁ። ከተዘጋ በኮረብታው አናት ላይ መዞር አለ፣ አንድ ሰዓት ጨምሩበት።

ከዋሻው ስትወጡ ቁልቁለት ነው። በግራ በኩል የቤርዜ ግንብ ማማዎች ይታያሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በደቡብ በኩል ሶሉትሬ የሚባለው ሾጣጣ ገደል። ቁልቁለቱ ያስፈነድቃል፤ ፍሬኑን አትርሱ፣ መንገዱ ላይ ሕፃናትና ውሻ ይዘው የሚሄዱ አሉ። ማኮን የሚገባው በከተማ ውስጥ መንገድ ስለሆነ ሰሌዳውን በትኩረት ተከተሉ። ከ13፡00 በፊት ከደረሳችሁ በወንዙ ዳር ምሳ ብሉ።

ከማኮን ወደ ሰሜን «ቩዋ ብሉ» የሚባለውን የወንዝ መስመር ያዙ። ሜዳ ነው። ዓሣ አጥማጆች፣ ሳቢሳ የሚመስሉ ረጃጅም ግራጫ ወፎች፣ ቀስ ብለው የሚያልፉ ጀልባዎች። ጥላ የሌለበት ረጅም ክፍል አለ፣ ሁለቱንም ጠርሙስ ሞልታችሁ ውጡ። ከብርዱ ወራት በኋላ፣ በማርችና በኤፕሪል አካባቢ፣ ሶን ሞልቶ መንገዱን ሊያጥለቀልቀው ይችላል። ቱርኑ ስትደርሱ ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት ለእራት ግዙ፣ ከዚያ የቅዱስ ፊሊቤርን ገዳም እዩ። ከሻፔዝ ጋር አንድ ዘመን ነው፣ ድንጋዩ ግን ሮዝማ ነው፣ ምሰሶዎቹም በጣም ይረዝማሉ።

ዓርብ፣ ከቱርኑ ሻሎን፣ 30 ኪሎ ሜትር። ከ8፡00 በፊት ተነሡ፣ ምክንያት አለኝ። ዓርብ ጠዋት ሻሎን ውስጥ በሳን ቫንሳን አደባባይ ገበያ አለ፣ ከሰዓት በፊት ነው የሚያልቀው። በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ብትነዱ 10፡10 ገደማ ትደርሳላችሁ። ገበሬው ፍራፍሬውን፣ አትክልቱን ይዞ ይወጣል፣ የጾም ቀን ስለሆነም ለእናንተ ይስማማል። ጊዜ ከተረፈ ሻሎን የፎቶግራፍ ፈር ቀዳጅ የሆነው የኒሴፎር ኒዬፕስ የትውልድ ከተማ ናት፣ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም በወንዙ ዳር አላት። የሚዘጋበትን ቀን አስቀድማችሁ እዩ። ባቡር ጣቢያው ከገበያው በብስክሌት አሥር ደቂቃ ነው። የዓርብ ማታ ባቡር በሰው ይሞላል፣ የብስክሌት ቦታውም ቶሎ ያልቃል፤ ከ16፡00 በፊት ያለውን ያዙ።